ፊውዙ የሚጠብቀው ገመዱን ነው፦ ቪትዝ ውስጥ ቤዝ ስገጥም ያየሁት

ሽታውን ቀድማ ያወቀችው እናቴ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ እየተመለስን ነበር። ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ደጀን አቀበቱን ይዘናል። መስኮቱ ዝግ ነው። ቴፑ ተከፍቷል። «አንተ ልጅ፣ የሚቃጠል ፌስታል አይሸትህም?» አለችኝ። መጀመሪያ የፍሬን ሽታ መሰለኝ። ግን ቁልቁለቱን ከጨረስን ቆይተናል፤ አቀበት ላይ ፍሬን አይሸትም። ዳር ያዝኩና ከዳሽቦርዱ ሥር እጄን ሰደድኩ። ገመዱ ያቃጥላል። ላስቲኩ ለስልሶ ጣቴ ላይ እንደ ማስቲካ ተለጠፈ።

ሞተሩን አጥፍቼ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታሁ። እናቴን ከመኪናው አራቅኋት። ትንሽ ቆይቶ ሽታው ጠፋ፤ እሳት አልተነሳም። እግዚአብሔር ይመስገን። ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከርና አምፕሊፋየሩን፣ ካስገጠምኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነቅዬ በራሴ እጅ እንደገና ገጠምኩት። ዓመት አልፎታል፤ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ትንሽ መኪና ይዞ ቤዝ ለማስገጠም የሚያስብ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ራሳችሁ ባትገጥሙት እንኳ፣ ባለሙያው ሲሠራ አጠገቡ ቆማችሁ ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ገጠማ ጥፋት ይህ ነበር። ገጣሚው የአምፕሊፋየሩን ኃይል ከባትሪ አላመጣም። ከቴፑ ጀርባ ካለው ቀጭን ገመድ ላይ ቀጠለው። ያ መስመር 15 አምፒር ፊውዝ ነበረው። ድምፁን ከፍ ስናደርገው ፊውዙ ተቃጠለ። ቀየረው፤ ደግሞ ተቃጠለ። በሦስተኛው 30 አምፒር ሰካበትና «አሁን አይቃጠልም፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም አምኜው ሄድኩ። ፊውዙ ከዚያ በኋላ አልተቃጠለም። የተቃጠለው ገመዱ ነው።

ፊውዝ የሚቀመጠው ገመዱን ለመጠበቅ ነው። ገመድ ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል። ፊውዙ ሆን ተብሎ ከገመዱ ደካማ ተደርጎ የተሠራው ገመዱ ሳይግል በፊት እንዲቆርጥ ነው። ስለዚህ ፊውዝ እየደጋገመ ሲቃጠል ብዙውን ጊዜ ወይ ገመዱ ለሥራው ቀጭን ነው፣ ወይ የሆነ ቦታ ተልጦ ከቆርቆሮው ጋር ተነካክቷል። ትልቅ ፊውዝ ሊሰካላችሁ የሚመጣ ሰው ካለ እጁን ያዙት። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ እንኳ ይህ እንዳይረሳችሁ።

ቪትዝ ላይ ቤዝ ምን ያደርጋል የሚሉኝ አሉ። ለኔ ነገሩ ከበሮና በገና ነው። ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ጠባቡ ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሰፊው ደረት ውስጥ የሚገባውን። የመኪናዋ የበር ስፒከሮች ትንንሽ ስለሆኑ የጠባቡን ብቻ ነው የሚያሰሙት። ሰፊው ሲመታ የመዳፍ «ጥፍ» ይሰማል እንጂ ጉምታው የለም። በገና ላይ ደግሞ ይብሳል። እናቴ በዐቢይ ጾም መኪና ውስጥ ከበገና ሌላ አታስከፍትም። በትንሽ ስፒከር እንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚፈጥረው ንዝረት ላይ ላዩን ይሰማል፤ ከሥር ያለው የአውታሩ ከባድ ድምፅ ግን ይጠፋል። እሷ «ዛሬ በገናው ጉንፋን ይዞታል» ትል ነበር። ቤዝ የፈለግኩት መንገደኛ እንዲዞርልኝ አይደለም። የሰማሁት ነገር ሙሉ እንዲሆን ነው።

ለዚህ ደግሞ ትንሽ መኪና እንደሚባለው ችግር ሳይሆን ዕድል ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ፣ አንድ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የኔዋ የድሮ ሞዴል ቪትዝ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ 3.6 ሜትር ናት። ሞገዱ እንደ ልቡ የሚዘረጋበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ውፈሩ (የቤዙ ትልቁ ስፒከር) ወደ ፊት ሲገፋ እንደ ብስክሌት መንፊያ የመኪናዋን አየር በሙሉ ይጨምቀዋል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ይለቀዋል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህ ግፊት ዝቅተኛውን ድምፅ በራሱ ያጎላዋል። ሰፊ ሳሎን ውስጥ ደካማ የሚመስል ውፈር ቪትዝ ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ባለ 12 ኢንች የሚያስገጥሙ ልጆች አያለሁ። የኋላውን ቦታ በሙሉ ይበላባቸዋል፣ ባትሪያቸውንም ይጨርሳል። አንድ ባለ 10 ኢንች በቂ ነው። ሁልጊዜ ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ አምፕሊፋየሩ አብሮት የተሠራ፣ ከወንበር ሥር የሚገባ ባለ 8 ኢንች ጠፍጣፋ ቤዝ አለ። እኔም እሱን ነበር ያሰብኩት፤ ከወንበሬ ሥር ያለው ክፍተት ግን 6 ሴንቲ ተኩል ብቻ ሆነብኝ። ወንበሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየገፋችሁ ለኩ። ሳትለኩ አትግዙ።

አምፕሊፋየር ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት እርሱት። 2000 ዋት የሚል አይቻለሁ፤ ጎኑ ላይ የተሰካው ፊውዝ ግን አንድ ባለ 20 አምፒር ነው። ሞተር ተነስቶ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው። 20 በ14 ሲባዛ 280 ነው። 280 ዋት የሚገባበት ዕቃ 2000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። የገባውም በሙሉ ድምፅ አይሆንም፤ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ከገባው ወደ 80 በመቶ ገደማውን ይጠቀማል፣ ክላስ ኤቢ ከዚያ በጣም ያነሰ። ለትንሽ መኪና ክላስ ዲ ይሻላል፤ ትንሽ ነው፣ ብዙም አይግልም። መፈለግ ያለባችሁ አርኤምኤስ ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ዋት ማለት ነው። የኔ በ4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) 300 ዋት አርኤምኤስ ነው፤ ውፈሩ 250 የሚችል ባለ 4 ኦም።

ሳጥኑን እዚሁ ማርቆስ አሠራሁ። በዕድሜ ገፋ ያሉ አናጺ ናቸው። «ለድምፅ ከሆነማ በዋንዛ ልሥራልህ፤ ከበሮስ የሚፈለፈለው ከምን ሆነና?» አሉኝ። ልባቸው የፈቀደውን እምቢ ማለት ከበደኝ። ግን ሳንቃ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የቤዝ ሳጥን ደግሞ በመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ አየር ሊያስወጣ አይገባም። ስለዚህ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ገዝቼ ሰጠኋቸው። የውስጥ ልኩ 36 በ30 በ22 ሴንቲ ሜትር፤ ወደ 24 ሊትር ገደማ ይሆናል። ውፈሩ ራሱ የሚይዘው ሲቀነስ ወደ 22 ይወርዳል። ይህ ዝግ ሳጥን ለሚስማማው ባለ 10 ኢንች ጥሩ ልክ ነው፤ የውፈራችሁ ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ተከተሉ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይበልጥ ይጮሃል፣ ግን ትልቅ ነው፤ ልኩ ትንሽ ከተሳሳተም ድምፁ ይንቦጫረቃል። የከበሮን ምት ጥርት አድርጎ የሚያሰማው ዝጉ ነው። መጋጠሚያውን ሁሉ በኮላ አስመታሁ፣ ከውስጥ በሲሊኮን ዘጋሁት፣ ከውጭ ሞኬት አለበስኩት። ሲያልቅ ውፈሩን በመዳፌ ቀስ ብዬ ገፋሁት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ዝግ ነው። ቶሎ ብሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ገመዱ። አቅሜን በሙሉ ያፈሰስኩት እዚህ ላይ ነው።

300 ዋት ለማውጣት አምፕሊፋየሩ ከባትሪው እስከ 27 አምፒር ገደማ ሊስብ ይችላል። ለዚህ 8 ጌጅ የሚባለውን፣ ወደ 8 ካሬ ሚሊ የሚሆን ገመድ ገዛሁ። ፊውዙ 30 አምፒር። ገመዱን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው ያመጣሁት፤ እዚያም ቢሆን ዓይን ያስፈልጋል። ወፍራም የሚመስል፣ ላስቲኩ ግን የበዛ፣ መዳቡም መዳብ ያልሆነ ገመድ ሞልቷል። አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። እሱም ይሠራል፤ ግን ያንኑ ኤሌክትሪክ ለመሸከም አንድ ደረጃ ወፍራም መሆን አለበት።

መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ፤ ሥራው እስኪያልቅ አትመልሱት። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሴንቲ በማይርቅ ቦታ ይሁን። አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ ያለው ፊውዝ ይህን አይተካም። ገመዱ መንገድ ላይ ቢላጥ የሚያቆመው ባትሪው አጠገብ ያለው ብቻ ነው።

ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ ማሳለፊያው ያስጨንቃል። የኔ መኪና መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ስለሆነ በቀድሞው መሪ በኩል በጎማ የተደፈነ ቀዳዳ ተርፎ አገኘሁ። ባታገኙ ከፋብሪካ የወጣው የገመድ ጥቅል የሚያልፍበትን ጎሚኒ ፈልጉ፤ ጎኑን በትንሹ በስታችሁ በዚያ አሳልፉ። በትራፓኖ አዲስ ከበሳችሁ የቀዳዳው ጠርዝ ምላጭ ነው፤ ጎሚኒ ሳታለብሱ ገመድ አታሳልፉበት። እንደ ደብረ ማርቆስ–ሞጣ ባለ መንገድ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ያ ጠርዝ ገመዱን ቀስ እያለ ይገዘግዘዋል። በተጨማሪ ፔዳሎቹ ሥር ምንም ነገር እንዳይንጠለጠል። ፍሬን ስትረግጡ ገመድ እግራችሁን ቢይዛችሁ ቤዙ ምን ሊረባችሁ።

ግራውንዱ፣ ማለትም ነጌቲቩን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ፣ ቀላል ይመስላል፤ ግን ግማሹ ችግር የሚመጣው ከእሱ ነው። የመጀመሪያው ገጣሚ ነጌቲቩን ሞኬት በያዘች ትንሽ ብሎን ላይ ነበር ያሰረው። ከሥሯ ቀለም አለ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። እኔ ከወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ጠንካራ ቦታ መርጬ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ብረቱ እንደ ሳንቲም እስኪያበራ። ገመዱ ጫፍ ላይ ቀለበት አስገባሁ፣ በ8 ሚሊ ቡሎንና በዳዶ አጠበቅኩት፣ ከላዩ ዝገት እንዳይበላው ግሪስ ቀባሁት። ርዝመቱ ከ50 ሴንቲ አይበልጥም፣ ውፍረቱም ከፖዘቲቩ እኩል ነው። ቡሎን ለማስገባት ከመብሳታችሁ በፊት ግን መኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ። ቪትዝ የነዳጅ ሳልባትዮዋ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የፍሬን ቱቦም ከወለሉ ሥር ያልፋል። በግምት አይበሳም።

አምፕሊፋየሩን ከተሳፋሪው ወንበር ሥር አስቀመጥኩት። ቁመቱ 4 ሴንቲ ነው። ክረምት ላይ የኛ አገር ዝናብ በጫማ ውኃና ጭቃ ያስገባል፣ ሞኬቱ ለሳምንት አይደርቅም። ስለዚህ ከሥሩ አንድ ሴንቲ ተኩል ጣውላ አደረግኩለት። ከላይ አየር እንዲያገኝ ምንም አልሸፈንኩትም። ሳጥኑ ላይ የሚያስሩት አሉ፤ እኔ አልመክርም። ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ነገር ላይ የታሰረ ዕቃ ውስጡ ያለው ብየዳ ይለቃል።

የመጀመሪያው ገጠማ ሌላም ጉድ ነበረበት። ሞተር ሲነሳ ከስፒከሮቹ «ዚዚዚ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ነዳጅ ስትሰጠው ድምፁም አብሮ ይቀጥናል፣ ይወጣል። ይህ የዲናሞው ድምፅ ነው። ግራውንዱን ካስተካከልኩ በኋላ አብዛኛው ጠፋ። የቀረው የኃይል ገመዱና አርሲኤው (ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያመጣው ገመድ) አንድ ላይ ታስረው በአንድ ጎን ስለተሳቡ ነበር። የኃይሉን በባትሪው በኩል፣ አርሲኤውን በሌላው ጎን ሳብኩት። ፀጥ አለ። ቴፓችሁ አርሲኤ መውጫ ከሌለው አትጨነቁ፤ ድምፁን ከኋላ ስፒከር ገመድ ላይ በቀጥታ የሚቀበል አምፕሊፋየር ግዙ። ማስነሻ የምትባለዋን ቀጭን ሰማያዊ ገመድ ደግሞ ከቴፑ ማስነሻ ጋር አገናኟት። ከባትሪው በቀጥታ ካሰራችኋት አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል፤ ጠዋት መኪና መግፋት ይሆናል።

ሳጥኑን እሰሩት። በውፈሩ ክብደት ላይ ሳጥኑ ሲጨመር አንድ ትልቅ የባልዲ ውኃ ያህል ይከብዳል። ዓባይ በረሃ ላይ ድንገት ፍሬን ብትይዙ ያ ነገር የኋላ ወንበር ላይ ወዳለው ሰው ጭንቅላት ነው የሚሄደው። እኔ በሁለት የብረት ማዕዘንና በአንድ ጠንካራ ቀበቶ ነው ያሰርኩት። እናቴ እኮ ናት እዚያ የምትቀመጠው።

ከዚያ ማስተካከሉ። ጌይን የምትለዋ መዘውር የድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ቴፑ የሚልከውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስማሚያ ናት። እስከ ጥግ ካዞራችኋት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ እንዲህ የተቆረጠ ድምፅ ደግሞ ውፈር ያቃጥላል። እኔ በቴስተር ነው ያስተካከልኳት። የውፈሩን ገመድ ነቅዬ፣ የቴፑን ቤዝ ማጉያ ሁሉ ዜሮ አድርጌ፣ ድምፁን ሦስት አራተኛ ላይ አቆምኩ። በስልኬ የ50 ኸርዝ መሞከሪያ ድምፅ ከፈትኩ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጌ የአምፕሊፋየሩን መውጫ እየለካሁ ጌይኑን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት፤ 28 ቮልት ሲል አቆምኩ። 28 በ28 ተባዝቶ ለ4 ኦም ሲካፈል 196 ዋት ነው። ውፈሩ 250 ይችላል፤ የተረፈው መጠባበቂያው ነው። የእናንተን ለማግኘት የምትፈልጉትን ዋት በኦሙ አባዙና ስኩዌር ሩቱን አውጡ።

የሚቀረው በጆሮ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ወደ ውፈሩ እንዳያልፍ የሚከለክለውን ማጣሪያ 80 ኸርዝ ላይ አደረግኩት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሰው ድምፅ ከኋላ መምጣት ይጀምራል፣ ዘማሪው ሻንጣ ውስጥ ያለ ይመስላል። ቤዝ ቡስት ዜሮ ላይ ነው፣ አልነካውም። ፌዝ የምትለዋን፣ የውፈሩን ግፊት አቅጣጫ የምትገለብጠውን መቀያየሪያ እኔ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ወንድሜ ከዜሮ ወደ 180 እያደረገልኝ ሞከርናት። ከበሮው ሲመታ ደረቴ ላይ ይበልጥ የተሰማኝ 180 ላይ ነው። በናንተ መኪና ዜሮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሳትሰሙ አትዝጉት።

መጀመሪያ ቀን ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። ታርጋው፣ የኋላው በር ልባስ፣ ክሪኩ፣ ከኋላ ያለው የዕቃ መደርደሪያ። ታርጋው ኋላ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ አስገባሁ፤ ወዲያው ዝም አለ። ክሪኩን በጨርቅ ጠቀለልኩት። የኋላው በር ልባስ ሥር ድምፅ የሚያፍን ተለጣፊ ላስቲክ ለጠፍኩ። የቀረውን ወንድሜ በእጁ እየተጫነ፣ እኔ ያንኑ 50 ኸርዝ እየከፈትኩ አንድ በአንድ አገኘነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ከወር በኋላ ሞጣ ደርሼ ስመለስ የግራውንዱን ቡሎን በቁልፍ ሞከርኩት። ግማሽ ዙር ላልቶ አገኘሁት። አጠበቅኩትና ከሥሩ እንደ ሞላ የተጠማዘዘች ቀለበት ጨመርኩበት። አሁን በየሦስት ወሩ እሱንና የባትሪውን ጫፎች አያለሁ፤ ሁለት ባለ 30 አምፒር ፊውዝም ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አሉ። ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ከእናቴ ጋር ባሕር ዳር ስንሄድ ከደምበጫ ጀምሮ በገና ከፍተን ነበር። ቡሬ ስንደርስ «ዛሬስ ድኗል» አለችኝ።